የሐምሌ 12ቱ ጥማድ፦ ከአምባሰል ገጠር የአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ጉዳይ

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንድ የጸሎት ቤታችን አባል በሚካኤል ቀን በሬ ጠምዶ አረሰ። በ3ኛው ሳምንት በረዶ ወረደ። የቀረው ታሪክ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያሰራቸው ማን ነው የሚል ነው። ካሰሩት ሰዎች አንዱ እኔ እንደነበርኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የማንንም ስም አልጠራም፤ ቀበሌውንም አልናገርም። ሰዎቹ አሉ፣ እርቁም አለ፣ ሁለቱንም መነካካት አልፈልግም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። ከዚያ አስፋልቱን ትታችሁ ወደ ላይ፣ በእግር። ይህን ያህል ይበቃል። የውጫሌ ውል የተፈረመው በ1881 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። የአንቀጽ 17 አማርኛው አንድ ነገር ይላል፣ ጣሊያንኛው ሌላ። ስለዚህ አንድን ቃል ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ሲያነበው ምን እንደሚከተል አገሩ ከእኔ በፊት ያውቀዋል።

ቻርጅ ቤት

ወንጌላዊ ሆኜ ስላክ የከተማ ልጅ ነበርኩ። ደሴ ነው ያደግሁት። በሬ ከነቀንበሩ የማየው ከአውቶቡስ መስኮት ነበር።

ጸሎት ቤታችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት አንድ ክፍል ናት። ቆርቆሮው ከሌላ ቤት የተነቀለ ስለሆነ የድሮ ምስማር ቀዳዳ አለበት። ሲዘንብ ከመድረኩ በስተግራ ያፈሳል። እዚያ ቦታ አናቱ የተቆረጠ ቢጫ ጄሪካን እናስቀምጣለን። ስብከት እየሰማችሁ ጠብ፣ ጠብ ሲል ትሰሙታላችሁ። ዝናቡ ሲበረታ ስብከቱ ያጥራል። ይህንን የሚወዱ ምዕመናን ነበሩ።

እኔን ጨምሮ 23 አዋቂዎች ነበርን። ቅዳሜ እህቶች ወለሉን በእበት ይለቀልቃሉ። የእሑድ ፕሮግራም 3፡00 ሰዓት ይላል፤ የሚጀመረው ግን ላም ታልቦ፣ ከብት ተሰማርቶ፣ እናቶች ሲደርሱ ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የምሠራው ሥራ ግን ስብከት አይደለም። ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከጤና ጣቢያ የመጣ መድኃኒት በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ አነባለሁ። ልጇ ዐረብ አገር ያለች እናት ስትመጣ ኔትወርክ ያለበት ድንጋይ ድረስ አብሬያት ሄጄ ኢሞ እከፍትላታለሁ። ከሁሉ በላይ ስልክ እሰካለሁ። ጣሪያችን ላይ ትንሽ ሶላር አለች፤ የሰፈሩ ስልክ የሚሞላው እኛ ጋ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙው ሰው ጸሎት ቤታችንን የሚጠራው "ቻርጅ ቤት" እያለ ነው። "ሂድ፣ ይችን ቻርጅ ቤት አድርሰህልኝ ና" ይባላል ልጅ።

መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው ስልክ ሲሰካ ይውላል! እየቆየ ግን ሰው ስልኩ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ የሚያወራኝን ነገር ከመድረክ የትም እንደማላገኘው ገባኝ። ላሙ እንደታመመችበት፣ አማቱ እንዳስቸገረችው፣ ጸሎቱ እንዳልተሰማለት የሚነግረኝ ሶኬቱ አጠገብ ነው። በኋላ ለደረሰው ነገርም ይህ ጠቅሞኛል። ያጠፋሁት መድረክ ላይ ነው።

ስለ ቁጥራችን አንድ ነገር ልጨምር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በደቡብ ወሎ ከ100 ሰው 71 ገደማው ሙስሊም፣ 29 ገደማው ኦርቶዶክስ ነበር። ደምሩት። እኛ ከነጥብ በኋላ ባለው ቁጥር ውስጥ ነን። ለዚህ ነው አንድ የኛ ሰው በሬ ሲጠምድ "እገሌ አረሰ" የማይባለው። "ጴንጤዎቹ አረሱ" ነው የሚባለው።

ስብከቱና እርሻው

አራሹ ወንድማችን 40ዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቁጥብ፣ ግን ሲናገር አፈ ስለት የሆነ ሰው ነው። ያለው አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው ደግሞ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል። የሱ መቀናጆ ጎረቤቱ የሆነ ሙስሊም ገበሬ ነው። ሁለት ቀን ለአንዱ፣ ሁለት ቀን ለሌላው ያርሳሉ። በመካከሉ ዝናብ ከገባ ወይም በሬ ካነከሰ ተራው ይበላሻል፣ ጭቅጭቅም ይመጣል። እነሱ ግን ለዓመታት ሳይጨቃጨቁ አርሰዋል።

እሑድ ሐምሌ 8 ቀን ከገላትያ ምዕራፍ 4 ሰበክሁ። ጳውሎስ ቀንና ወር መጠበቅን የሚወቅስበት ክፍል ነው። ዝግጅቴ ጥሩ ነበር፤ ማስታወሻዬ አሁንም አለ፣ ዛሬም ባነበው በትርጉሙ ላይ ብዙ የምለውጠው የለኝም። ችግሩ ማስታወሻው ላይ የሌለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መሃል ላይ ሰው ሲደብተው አየሁና ላነቃቃ ብዬ "መልአክ በሬ አያስፈታም፤ በሬ የሚፈታው ሲደክመው ነው" አልኩ። ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቁ ጣመኝና ደገምኩት።

ሐሙስ ሐምሌ 12 ሆነ። የአጥቢያው ታቦት ሚካኤል ነው። የወንድማችን ተራ ረቡዕና ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዘነበበት። ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ተከፈተ። የጤፍ መሬቱ የሚቀረው አንድ ጊዜ ተገልብጦ መዘራት ብቻ ነው። ዓርብ በሬዎቹ ወደ መቀናጆው ይሄዳሉ። እዚህ ድረስ የሰውየው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ድሃ ነው፣ አንድ በሬ ነው ያለው፣ ቀን ያመልጠዋል። ጠመደ።

ማሳው ወደ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ረፋድ ላይ ሦስት አሮጊቶች ድፎ ዳቦና ጠላ ተሸክመው ለማኅበር ወደዚያው ሲያልፉ አዩት። ከፊት የነበሩት እናት ቆም ብለው "አንተ ልጅ፣ ዛሬ ስንት ነው?" አሉት። የሚታረም ጥያቄ ነበር። "እናቴ፣ ተራዬ ነው፣ ዝናቡ ከለከለኝ" ቢል ምናልባት ይህ ሁሉ አይጻፍም ነበር። እሱ ግን እርፉን እንደያዘ ጅራፉን አጮኸና "ሚካኤል በሬ አያስፈታም፤ ሲደክመው እፈታዋለሁ" አለ። አጠገቡ የነበሩት ልጆቹ ሳቁ። እናቶቹ አልመለሱለትም። ሄዱ።

በረዶው

ነሐሴ 3 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ። እኔ ጸሎት ቤት ውስጥ ስልክ እየሰካሁ ነበር። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ሁለት ጠጠር የተወረወረ መሰለኝ። ልጆች ናቸው ብዬ ልቆጣ ወጣሁ። የሽምብራ ፍሬ የሚያክል በረዶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ባቄላ አከለ። ከዚያ ቆርቆሮው ውስጥ የራሳችሁን ድምፅ አትሰሙም። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሲያባራ አገሩ ሁሉ ነጭ ነው፤ ዝም ያለ፣ የተቀጠቀጠ የባቄላ ቅጠል የሚሸት።

የላይኛው ማሳ ባቄላ አበባ ላይ ነበር፤ ተመለጠ። ገብሱ ተኛ። የታችኛው ጤፍ ገና ቡቃያ ስለነበር ግማሹ ተረፈ። በረዶው የወንድማችንን ማሳም መታ፣ የመቀናጆውንም መታ፣ የቄሱንም መታ። የአንዲት ባል የሞተባቸው እናት ባቄላ ግን ጨርሶ ጠፋ። ልብ በሉ፣ ሰፈሩ የፍልሰታ ጾም ላይ ነው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ ነው ማሳው ዳር የቆመው።

ማታውኑ ወሬው ተሠርቶ አደረ። "ሐሙስ አረሰ፣ ሐሙስ መታን።" አጭር ነው፤ ለመያዝ ይቀላል። ከእኔ ስብከት ውስጥም የተያዘችው አጭሯ ነች።

የግብርና ባለሙያው ጉዳቱን ሊመዘግብ መጥቶ ስለ በረዶ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ሞቃት አየር ተራራውን ተደግፎ ወደ ላይ ሲገፋ ደመናው ይረዝማል፣ ጠብታው ላይ ወጥቶ ይረጋል፣ እየወደቀ እየተመለሰ ይወፍራል፣ ደጋው ለደመናው ቅርብ ስለሆነ ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል። አንድ ሽማግሌ አዳምጠው ሲጨርሱ "ልጄ፣ እንዴት እንደሚሠራማ ገባን። እኛ የጠየቅነው ማን እንደላከው ነው" አሉት። ባለሙያው ደብተሩን አጠፈ። እኔም ብሆን ለዚያ ጥያቄ እዚያ ማሳ ዳር ቆሜ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ኢዮብን አስቤ ነበር፤ ኢዮብን የምታስበውና የምትናገረው ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ቅሬ

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ግን ከመቅበር አልፎ ይሄዳል። የጠፋ ከብት ይፈለግበታል፣ የድንበር ጠብ ይታይበታል፣ ያጠፋ ይቀጣበታል። እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ውስጥ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ቢሞት ሬሳውን የሚሸከም የለም፤ በሕይወት እያለም ማንም እሳት አይጫጫረውም፣ ደቦ አይወጣለትም። ለኛ ለ23ታችን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የራሳችን መቃብር ቦታ የለንም። የሞተብን ሰው ቢኖር ቅሬው ካላገዘን ሬሳውን ይዘን የምንሄድበት አናውቅም።

እሑድ ነሐሴ 6 ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። እኛም አምልኳችንን ጠዋት አሳጥረን ወጣን። ክሱ ቀላል ነበር፤ በታቦቱ ቀን አርሶ በረዶ አመጣብን፣ ይካሰን። ከሚጮኹት አንዳንዶቹ እንኳን በካሳ፣ ከቅሬ ይውጣ እስከ ማለት ደረሱ።

በዚያ ቀን ያዳነን መቀናጆው ነው። አንዱ "ያንተም በሬ እኮ ጥማዱ ውስጥ ነበረ" አለው። ተነሣና "እንግዲያውስ ግማሹ ጥማድ የኔ ነው፤ ግማሹን በረዶ እኔ አወረድኩ በሉኛ!" አለ። ሰው ሳይወድ ሳቀ። ውጥረቱ ረገበ።

ከዚያ ከፊት የነበሩት እናት ተነሡ። አልጮኹም። ወንድማችን ያላቸውን ቃል በቃል ደገሙት። "ሚካኤል በሬ አያስፈታም፤ ሲደክመው እፈታዋለሁ።" የተቀመጥኩበት ድንጋይ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ሳቅ የሚጠብቅበትን ቦታ ሁሉ አውቀዋለሁ። ወንድማችን ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። "ወንጌላዊው ነው ያለው" ማለት ይችል ነበር። አላለም።

እኔም ዝም አልኩ። ይህን በደንብ ጻፉልኝ ብባል የምጽፈው ይህንኑ ነው፦ ዝም አልኩ። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ። ቤተ ክርስቲያኑን እጎዳለሁ፣ ነገሩ ይባባሳል፣ ጊዜው አይደለም። እውነተኛው ምክንያት ፈራሁ ነው።

ቅሬው አልወሰነም። አረፋና የፍልሰታ ፍቺ ይለፍ ተባለ። በዚያ ዓመት አረፋ ነሐሴ 15 ዋለ፣ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 16 ይፈታል። በዚያ ሳምንት ሁለቱም ወገን ሥጋ ይበላል። "ሰው ጠግቦ ይምጣ" አሉ ሰብሳቢው። በልቶ የመጣ ሰው እንደሚታረቅ ያውቃሉ።

ይቅርታ እንዴት ይባላል?

ቀጣዩን ሳምንት ከወንድማችን ጋር ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ጄሪካኑ አጠገብ ተቀምጠን አመሸን። መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ይቅርታ መጠየቅ ነበር። "አብሽር፣ አፉ የኔ ነው" አለኝ። ጴንጤ ከሆነም በኋላ የወሎ ሰው ነው፤ አብሽር አይቀርም።

ችግራችን የቃል ነበር። "በማረሴ ይቅርታ" ካለ በረዶውን እሱ አወረደው ማለት ነው። ይህ ውሸት ነው፣ ልጆቹም ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። ምንም ካላለ ደግሞ እናቶቹን መናቁን አጸና ማለት ነው። ሮሜ 14ን አነበብን። እዚያ ጳውሎስ ቀን የሚያከብረውንም ቀን ሁሉ እኩል የሆነለትንም አይነቅፍም፤ ሁለቱም ለጌታ ብለው ነው ይላል። ይህን ምዕራፍ ሐምሌ 8 ለምን አላነበብኩትም? ገላትያና ሮሜን የጻፈው አንድ ሰው ነው። ለገላትያ ሰዎች የጻፈው ቀን መጠበቅን ለመዳን ማሟያ አድርገው ሊጭኑባቸው በመጡት ሰዎች ምክንያት ነው። የኛ አሮጊቶች በወንድማችን ላይ የጫኑት ነገር አልነበረም። "ዛሬ ስንት ነው?" ብቻ ነው ያሉት። እኔ ለሌላ ጠብ የተጻፈ ደብዳቤ አንስቼ ድፎ ዳቦ በተሸከሙ እናቶች ላይ ወረወርኩት።

"ካስቀየምኳችሁ ይቅርታ" የሚል ረቂቅ አዘጋጀን። ጥሩ መሰለን። ቅዳሜ ዕለት አበጋሩ ዘንድ ወሰድነው። አበጋሮች ደም የተቃባን ሳይቀር የሚያስታርቁ የወሎ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ከአባት የሚወረስ ነው። እኚህ አባት ሙስሊም ናቸው፣ ዕድሜያቸውን እሳቸውም አይቆጥሩትም። ረቂቃችንን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "'ካስቀየምኳችሁ' ማለት ምንድን ነው? አስቀይመህ የለም ወይ? 'አስቀይሜያችኋለሁ' በል። አንዲት ቃል ናት።" ስለ በረዶውም ጠየቅናቸው። "ለበረዶው አላህ ይጠየቅ። ለቃልህ አንተ ትጠየቃለህ" አሉ። የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ሁለት ሌሊት ያጣሁትን መስመር እሳቸው ቡና እየጠጡ አሰመሩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ቦሩ ሜዳ አወራን፤ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ጊዜ ሃይማኖት በአዋጅ የተወሰነበት። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉት በዚያ ዘመን ነው። ወሎ ሰውን በእምነቱ መግፋት ምን እንደሚያመጣ በቤተሰብ ደረጃ ያስታውሳል። ገፋፊ የምትሆነው ሥልጣን ሲኖርህ ብቻ ይመስለኝ ነበር። 23 ሰው ይዞም በአፍ መግፋት ይቻላል።

ሁለተኛው ቅሬ

እሑድ ነሐሴ 20። ቡናው ቀድሞ ተፈልቷል። አበጋሩ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ አባታችን ሆይ አደረሱ፣ ከዚያ "ወንጌላዊ፣ አንተም በል" ተባልኩ። አጭር ጸለይኩ። አበጋሩ ጫት ሲያድሉ ለኔም አንዲት ቀንበጥ ጀባ አሉኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ኮቴ ኪስ ከተትኳት። ደርቃ ያገኘኋት መስከረም ላይ ነው። ከኛ ሰዎች አንዳንዶቹ ይህን አይተው ፊታቸውን አዙረዋል። እኔ ግን እምቢ ብዬ ሽማግሌን በአደባባይ መመለስ ሁለተኛው "በሬ አያስፈታም" እንዳይሆንብኝ ነው የፈራሁት።

ወንድማችን ተነሥቶ "እናቶቼ፣ አስቀይሜያችኋለሁ፣ ንቄያችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ" አለ። ስለ እርሻው ምንም አላለም። ከዚያ እኔ ተነሣሁ። "ያ ቃል የኔ ነው። ጸሎት ቤት ውስጥ ለማሳቅ ብዬ የተናገርኩት ነው። እሱ ከኔ ነው የሰማው። ባለፈውም እዚሁ ተቀምጬ ዝም ብያለሁ።" አፌ ደርቆ ነበር። አንድ ሰው "እሱስ ደሴ ነው ያደገው፣ ስለ በሬ ምን ያውቃል" አለ። ተሳቀ። ተገባኝ።

እናትየው ከወንድማችን ይልቅ እኔን አዩና እንዲህ አሉ፦ "እኔ ለሚካኤል ብዬ አልተቀየምኩም። እሱ ራሱን ያውቃል። የዚህ ልጅ እናት ያንኑ ማኅበር ከኔ ጋር የምትጠጣ ነበረች። ያን ቀን የተሸከምኩትን ዳቦ ድሮ እሷ ነበረች የምትሸከመው። የሳቃችሁት በሷ ነው።" ወንድማችን አለቀሰ። እኔ እናቱን አላውቃቸውም፤ ቀድመውኝ ነው የሞቱት። ሶኬቱ አጠገብ ግን ስለሳቸው ብዙ ሰምቻለሁ።

አንድ ሽማግሌ ያኔ የሰሞኑን ወሬ አነሡ። ሐምሌ 25 አቡነ መርቆሬዎስ ከብዙ ዓመት ስደት ተመልሰው ሲኖዶሱ ታርቋል። "ጳጳሳቱ ታርቀው እኛ ስለ አንድ ጥማድ?" አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ለበረዶው ካሳ የለም። ለንግግሩ መቀጫ አለ፤ የቅሬው ቡናና ስኳር በሱና በኔ። በወር 12፣ የአጥቢያው ታቦት ስለሆነ፣ መንገድ ዳር ባለው ማሳ ጥማድ አይጠመድም። በሌላው ቀን እንደ ኅሊናው። ቄሱም በበኩላቸው "በረዶ አመጣ" የሚል ቃል ከእንግዲህ እንዳይነገር አሉ። ቀስ ብለውም ጠጋ ብለውኝ "በትንንሹ በዓል የማያርስ ማን አለ፣ እኔስ ሰማሁ ብዬ ነው?" አሉኝ።

የሽምብራው ዘር

እኔ ስምምነቱ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ የባቄላው ጉዳይ አልተነካም። የእኚያ ባል የሞተባቸው እናት ማሳ ባዶውን ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተመታ መሬት ላይ የሚዘራው ሽምብራ ወይም ጓያ ነው፤ በመሬቱ እርጥበት ብቻ ያድጋሉ። ጓያ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። ችግር የገባበት ቤት ደግሞ በብዛት የሚበላው እሱኑ ነው። ሽምብራ ይሻላል፤ ዘሩ ግን ውድ ነው።

ለቆርቆሮ ብለን ያጠራቀምነው መባ ነበረን። ብዙ አይደለም። ጣሪያውን ለመቀየር ሁለት ዓመት የተሰበሰበ ነው። ሽማግሌዎቻችን ጋር ተነጋገርንበት። አንዱ "ካልበደልን ለምን እንከፍላለን? በረዶውን አምነን ተቀበልን ይባላል" አለ። እውነቱን ነው፤ ተብሏልም። ሌላዋ እህት "በረዶ ባይወርድስ ኖሮ ዘር ላጣ ሰው አንሰጥም ነበር?" አለች። ድምፅ ሳንሰጥ ተስማማን። የተስማማነው ሁላችንም አይደለንም። ያ ወንድም "ገላትያን ለቅሬ ሸጥነው" ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ከተማ ወዳለ ኅብረት ሄደ። አራት ሰው ነው። 19 ሆንን። በገጠር ጸሎት ቤት አራት ሰው ሲጎድል መዝሙሩ ላይ ይሰማል።

ዘሩ ተገዛ። መስከረም ከመግባቱ በፊት ደቦ ወጣን፤ የኛ ሰዎች፣ መቀናጆው፣ የቄሱ ልጆች። ጥማዱ ያው የሐምሌ 12ቱ ጥማድ ነበር። እኔም እርፍ ያዝኩ። ትልሜ እንደ እባብ ሄደ፤ ሁለት ዙር ሳልሄድ ነጠቁኝ።

ከሚልከኝ ቢሮ ደግሞ ሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሰኝ፦ የጣሪያው ገንዘብ ለምን ዓላማ እንደዋለ በጽሑፍ ይገለጽ። አራት ገጽ ጻፍኩላቸው። መልስ አልመጣም።

ወንድማችን ለወራት ምስክርነት ለመስጠት አልተነሣም። ይመጣል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ያፈረው በቅሬው ይሁን በኔ አልጠየቅሁትም። በዚያ ዓመት ገና ላይ እናትየው ድፎ ዳቦ ሰደዱለት። ለኔም ቁራሽ ደረሰኝ።

በዓመቱ

2011 ዓ.ም. ሐምሌ። ጣሪያው እንደቀዳዳው ነው፤ ገንዘቡ ሽምብራ ሆኗል። ከደሴ ስመለስ ምስማር፣ ጎማና ሁለት የተረፈ ቆርቆሮ ይዤ መጣሁ። አንድ ቀን ዝናቡ ረፋድ ላይ ፋታ ሲሰጥ መዶሻዬን ይዤ መሰላል አቆምኩ። ወንድማችን በዚያ ሲያልፍ አየኝና ቆመ።

"በሬዎቹስ?" አልኩት፣ ባዶ እጁን ሳየው።

"መስክ ላይ ናቸው። መቀናጆዬም ዛሬ ጁምዓ ነው ብሎ ፈታቸው።" ከዚያ ወደ መንገዱ አየ። ሦስት እናቶች መሶብ ይዘው እየመጡ ነው። "ወንጌላዊ፣ ዛሬ ስንት ነው?"

መዶሻውን አየሁት። ቆርቆሮ ላይ ምስማር ሲመታ እስከ ሚካኤል ድረስ ይሰማል።

ከመሰላሉ ወረድኩ። እሱ መሰላሉን አጋድሞ ግድግዳው ሥር አስቀመጠልኝ። እናቶቹን እንዴት አደራችሁ ብለን አሳለፍናቸው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ተመለሰ፤ ጄሪካኑን ሁለት ጊዜ ደፋሁት።